መልስ፦ ስለ ሴናተር ሳምራ ብሩክ

"ኒው ዮርክ ውስጥ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነች ሴናተር አለች የሚባለው እውነት ነው? ስንቴ ተመረጠች?" ብለህ ለጠየቅከው፦ አዎ፣ እውነት ነው። ሳምራ ብሩክ ትባላለች። ዋሽንግተን ካለው ሴኔት ጋር ግን እንዳይምታታብህ። የእሷ ወንበር ያለው በኒው ዮርክ ግዛት ዋና ከተማ አልባኒ፣ የግዛቱ ሴኔት ውስጥ ነው። 63 መቀመጫ አለው፤ ምርጫውም በየ2 ዓመቱ ነው።

የሮቸስተር ልጅ ናት። ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጓቲማላ ሄዳ አገልግላለች። እኛ አገር ስንቱ ወላጅ በፒስ ኮር አስተማሪዎች ተምሯል! የአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በተራዋ ሌላ አገር ለማገልገል መሄዷ ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሪፐብሊካኑ ሪች ፈንኪ ወንበሩን ሲለቁ፣ 55ኛውን ወረዳ ለዴሞክራቶች ወሰደችው። በ2022 እና በ2024ም አሸንፋለች።

እኔ ግን ከምርጫው ይልቅ ሥራዋን እይ እላለሁ። የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና ሠርታለች፤ "የዳንኤል ሕግ" ለሚባለው ረቂቅም ስትሟገት ቆይታለች። ዳንኤል ፕሩድ በማርች 2020 ሮቸስተር ውስጥ አእምሮው ታውኮ፣ በዚያ ብርድ ራቁቱን መንገድ ላይ ወጣ። ወንድሙ እርዳታ ፈልጎ ደወለ። የደረሰው ፖሊስ ነበር፤ መሬት ላይ አስተኝተው ያዙት። ከሳምንት በኋላ ሞተ። ረቂቁ ታዲያ፣ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲመጣ ከፖሊስ ይልቅ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ይሂድ ነው የሚለው።