በጉዲፈቻ አሜሪካ የሄደ ልጅ ለጥየቃ ከመምጣቱ በፊት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ እኖራለሁ። ታናሽ እህቴ ዘጌ ሳለች ጥር 5 ቀን 1996 ዓ.ም. የወለደችው ልጅ በ2003 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ውሳኔ ለአሜሪካውያን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ተሰጥቷል። አሁን ሊጠይቀን ይፈልጋል፤ ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ሊያወጣ አስቧል። የአሜሪካ ፓስፖርት ግን አውጥቶ አያውቅም። ከዚህ ምን እናዘጋጅለት? ኢትዮጵያዊነቱስ አለ?

መልስ፦ ቢጫ ካርዱ ይቆይ። እኔን ያሳሰበኝ ፓስፖርት አውጥቶ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ ምናልባት የአሜሪካ ዜግነት አላገኘ ይሆናል። ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሄደበትን አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይፈልግና የቪዛውን ዓይነት ያንብብ።

«አይ አር 3» ከሆነ በአሜሪካ ሕግ ዓይን ጉዲፈቻው እዚሁ አልቆ ነው የሄደው፤ አሜሪካ በገባበት ዕለት በሕግ ዜጋ ሆኗል። የጎደለው ማስረጃው ብቻ ነው። የጉዲፈቻ ውሳኔውን፣ የገባበትን ቪዛና የአሳዳጊዎቹን ዜግነት ማስረጃ ይዞ ፓስፖርት ይጠይቅ። ቢቻል በ«ኤን 600» ቅጽ የዜግነት ምስክር ወረቀትም ያውጣ፤ ፓስፖርት ጊዜው ያልፍበታል፣ ምስክር ወረቀቱ ግን አያልፍበትም።

«አይ አር 4» ከሆነ የእዚህ ውሳኔ ብቻውን በአሜሪካ ሕግ ስለማይበቃ ነገሩ ይከብዳል። አሳዳጊዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 14 ቀን 2022 በፊት፣ በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ጉዲፈቻውን እንደገና ማስፈጸም ወይም ማስታወቅ ነበረባቸው። ይህን ካደረጉ ዜጋ ነው። ካላደረጉ ዛሬም ቋሚ ነዋሪ ነው፤ ዜግነትን በ«ኤን 400» ቅጽ ራሱ ማመልከት አለበት። በልጅነት የተሰጠ ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ካርድ) ደግሞ 14 ዓመት ሲሞላ በ«አይ 90» ቅጽ መቀየር ነበረበት። የሚሠራ ካርድ ሳይይዝ ከወጣ ሲመለስ አየር መንገዱ ላያሳፍረው ይችላል። እስኪጣራ ድረስ በምርጫ ምዝገባም ሆነ በሥራ ቅጽ ላይ «ዜጋ ነኝ» ብሎ አይሙላ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት እስከ መባረር ያደርሳል፤ ብዙ ወጣት ሳያውቅ የሚገባበት ወጥመድ ነው።

የእናንተ ድርሻ የውሳኔው ግልባጭ ነው። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ጉዲፈቻ የሚጸድቀው አዲስ አበባ፣ ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር፤ ስለዚህ መዝገቡን ባሕር ዳር ብትፈልጉት አታገኙትም። እናቱ ቃሏን የሰጠችበት ወረቀት ካለ የመዝገብ ቁጥሩን ከእሱ ላይ ፈልጉና ማኅተም ያለበት ግልባጭ እንዲሰጣት ታመልክት። እሱን ወክሎ የሚሄድ ሰው ግን በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይረጋገጣል።

የክርስትና ምስክር ወረቀት ካላችሁ ጥሩ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ የ1996 ልጅ ሌላ የልደት ማስረጃ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። ወረቀቱ የክርስትና ስሙን ብቻ ይዞ እንደሆነ መጠሪያ ስሙም እንዲጻፍ አድርጉ። ቀኑ ደግሞ የተወለደበት ነው ወይስ በ40 ቀኑ የተጠመቀበት? ሲተረጎምም ተጠንቀቁ። 1996 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ባለፈ ማግስት ስለሆነ ጥር 5 ጃንዋሪ 14 ላይ ይውላል። ተርጓሚው እንደ ሌላው ዓመት 13 ብሎ ከጻፈ ሁለት የልደት ቀን ይዞ ይቀራል።

ኢትዮጵያዊነቱን በተመለከተ፣ የዜግነት አዋጅ 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ሳይጠይቅ በሕግ ኃይል የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው በዚያ ዜግነት መብቶች መጠቀም ሲጀምር ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ዜግነቱ የጸና ከሆነ የአሜሪካ ፓስፖርቱን ያውጣና በአዋጅ 270/1994 መሠረት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ እንደነበር አሳይቶ ቢጫ ካርድ ይጠይቅ፤ በእሱ ያለ ቪዛ ገብቶ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ካልተገኘ ግን ኢትዮጵያዊ ነውና ቢጫ ካርድ አይመለከተውም፤ የሚያድሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ነው።

እህትዎ «ልጄ አይባልም» የሚል ስጋት ካላት ይንገሯት፦ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 183 መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም።