የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ዝምተኛ ነኝ፤ የስፒኪንግ ፈተናውን እንዴት ልወጣው?»

ጥያቄ፦ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልፈተን ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ንባቡና ጽሑፉ ብዙም አያሳስበኝም። ከማላውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ማውራት ግን በአማርኛም ይከብደኛል፤ ሁለት ቃል መልሼ ዝም እላለሁ። ጓደኞቼ የመለማመጃ ክበብ ግቢ ይሉኛል፤ እዚያ ደግሞ ጭራሽ አፌ ይታሰራል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ብቻዬን ጮክ ብዬ መለማመድም አልቻልኩም። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተጫዋች መሆን ነጥብ አያሰጥም። የሚመዘኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ ክብደታቸውም እኩል ነው፦ ሳይቆራረጡ ሐሳብን አያይዞ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና የቃላት አጠራር። ዝምተኛን የሚጎዳው መልሱ ማጠሩ ነው። «የት ነው የሚኖሩት?» ሲባሉ «አራት ኪሎ» ብለው ካቆሙ ፈታኙ ሰዋስውዎን በምን ይመዝን? «አራት ኪሎ ነው የምኖረው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ቀን ቀን ተማሪ ይበዛል፤ እኔ ግን ጸጥ ሲል፣ ማታውን እወደዋለሁ» ቢሉ ግን በእንግሊዝኛው ሁለት ዓይነት ጊዜ፣ ምክንያትና ንጽጽር አሳዩ ማለት ነው። መልስ፣ ምክንያት፣ አንድ ዝርዝር፤ ይህ ይበቃል።

የስፒኪንግ ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። መካከለኛው ክፍል ለእርስዎ የተሠራ ይመስላል፦ አንድ ርዕስና የሚናገሩባቸው ነጥቦች የተጻፉበት ካርድ ይሰጥዎታል፣ በወረቀትና በእርሳስ 1 ደቂቃ ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ ብቻዎን ይናገራሉ፤ ማንም ጣልቃ አይገባም። ብዙዎች ግን በ40 ሴኮንድ ያልቅባቸዋል፤ ካርዱ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ስለሚጨርሱ ነው። በዝግጅት ደቂቃዎ ዓረፍተ ነገር አይጻፉ፤ በየነጥቡ ሁለት ሁለት ቃል ይበቃል። ግማሹን ጊዜ «ለምን» ለሚለው ለመጨረሻው ነጥብ ያቆዩት። 2 ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ ቢያስቆምዎት አይደንግጡ፤ ሥርዓቱ ነው።

ልምምዱን ከክበብ አይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከራስዎ ጋር ይሁኑ። ቤት ካልተመቸ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው፣ ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍተው ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ይራመዱ፤ ያየ ሁሉ ስልክ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። በቀን አንድ ካርድ ወስደው ያንኑ ሦስት ጊዜ ይናገሩ። ሲያዳምጡ ሁሉንም ስሕተት አያሳድዱ፤ ዛሬ የተቋረጡበትን ቦታ ብቻ፣ ነገ የኃላፊ ጊዜ ግሦችን ብቻ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ለአንድ ለሚያምኑት ሰው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ብዙም ከማይቀርቡት አንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጡ። ሰውየው እንዳያበረታታ፣ ራሱንም እንዳይነቀንቅ ይንገሩት። ፈታኙ የተጻፈ ጥያቄ ተከትሎ ስለሚጠይቅ ፊቱ ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ይህን «አልወደደኝም» ብሎ ይተረጉመዋል።

የእኛን አገር ልማዶች ይጠንቀቁ። አየር ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «እ» ለእኛ አዎንታ ናት፤ ለፈታኙ ግን መልስ አይደለችም። በ«ስ» በሚጀምር ቃል ፊት «እ» አይጨምሩ፦ «እስኩል» ሳይሆን «ስኩል»። በእንግሊዝኛ «ተራመደ» (walked) ሲሉም «ዎክድ» ሳይሆን «ዎክት» ይበሉ። ድምፅዎ ዝቅ ያለ ከሆነ ስልኩን ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጠው ይቅዱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቃል ነውና እሷን ረጋ ብለው ይጨርሷት።

በቃል የተሸመደደ መልስ ይዘው አይግቡ። ፈታኞች ይለዩታል፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ደግሞ መያዣ መጨበጫ ያጣሉ።

ጥያቄ፦ ጥያቄው ካልገባኝ ይደገምልኝ ብል ነጥብ ይቀነስብኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አንድ ሁለቴ ቢጠይቁ አይጎዳዎትም። «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» ይበሉ። የሚጎዳው ሳይገባዎት በግምት ሌላ ነገር መመለስ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጥያቄው እንዳለ ይደገምልዎታል፤ በሦስተኛው ክፍል ግን ፈታኙ በሌላ አነጋገር ሊያስረዳዎት ስለሚችል እዚያ ለመጠየቅ አያመንቱ።