«ተንዛዛ»፣ «ከበደ»፣ «ቀለለ»፦ አንባቢዎች ያልተስማሙባቸው መጻሕፍት

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ አንብበው ሳይግባቡ ቀሩ። በተቻለን መጠን ልዩነቱ ከመጽሐፉ የትኛው ቦታ እንደ ተነሣ ለማሳየት ሞክረናል። አንደኛው ወገን ተሳስቷል ብለን ያመንንበትም አለ፤ እሱንም አልሸሸግንም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» አልተስማማንም። እሷ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምታ ያደገች ናት፤ ከሱ የሚበልጥ መጽሐፍ የለም ትላለች። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሰብለ ወንጌል ሳትመጣ ሰለቸኝና ተውኩት። መሐል ላይ ብጀምረው ምን ይጎድልብኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብዙ ይጎድልብዎታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ወደ ሁለቱ ወጣቶች ከመድረሱ በፊት ማንኩሳ ላይ ቆም ብሎ የውድነሽ በጣሙንና የቦጋለ መብራቱን ታሪክ ያወራል። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴት፣ እሷን የሚያገባ ድኻ ሠራተኛ፣ ከሁለቱ የሚወለደው በዛብህ፣ ሕፃኑ በታመመ ጊዜ፣ ከዳነ ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይቸኩላል፤ ወሬ ማሟሟቂያ ይመስለዋል። ስእለቱን የዘለለ ሰው ግን በዛብህ ሰብለን እየወደዳት ለምን እንዲያ እንደሚጨነቅ አይገባውም፤ ወላዋይ ወጣት ብቻ ሆኖ ይታየዋል። የሁለቱ ድኾች ትዳርም ኋላ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ የሚመጥን ዘር እያሉ ባል ሲያማርጡ ትዝ ሊልዎት ይገባል። ደራሲው ያንን ትዳር ከፊት ያስቀመጡት ለዚህ ነው ብለን እናምናለን።

የባለቤትዎ አድናቆትና የእርስዎ መሰልቸት አንዱ ምክንያት አቀባበላችሁ ነው። እሷ የሰማችው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በክፍል በክፍል ተቆርጦ ነው። ተራኪው ፊታውራሪውን የድሮውን ልማድ ከሚነቅፈው ከጉዱ ካሣ በድምፁ ለይቶ ይሰጣታል፤ የሚቀጥለው ክፍል እስኪደርስም ትጓጓለች። እርስዎ በዝምታ፣ ባንድ ተቀምጦ ብዙ ገጽ ለመጨረስ ሲሞክሩ ያ ሁሉ ሥራ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቀን ከ25 እስከ 30 ገጽ ብቻ ያንብቡ፤ ምዕራፍ መሐል ላይ ግን አያቁሙ። የደራሲው ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዐይንዎ ከቸኮለ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋብዎታል። እንዲህ ሲሆን ያንን ዓረፍተ ነገር ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ ይድገሙት።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነን፤ የጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች ታሪኩን ያቆሙታል። ሐሳባቸው የመጽሐፉ የጀርባ አጥንት ቢሆንም እንደ ልብ ወለድ ክብደታቸው ይሰማል። እነሱን ለብቻ፣ እንደ ክርክር ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። ሌላው በተደጋጋሚ የሚዘለለው አበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎቹ እንቢታ ነው። ፍቅሩን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ያልፈዋል፤ የፊታውራሪው ኃይል ምን ያህል ባዶ እንደ ነበረ የሚጋለጠው ግን እዚያ ነው። እኛ ከመጽሐፉ አንድ ክፍል ብቻ ለሰው አንብቡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን «አደፍርስ» ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ቀዳሚ ነው አሉን። ከክፍላችን ግማሹ ምንም አልገባንም፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ እንኳን ይጠፋናል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ችግራችሁ የዕውቀት ማነስ እንዳይመስልሽ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ታሪክን በድርጊት ከማስኬድ ይልቅ በንግግር ያስኬዳል። ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ ይጠያየቃሉ፤ «አለ»፣ «አለች» የሚል ምልክት የማታገኙበት ቦታ ብዙ ነው። ቀጥሎ ምን ይሆናል እያለ የሚጠብቅ አንባቢ ደግሞ ምንም ያልሆነ ይመስለዋል።

እንዲህ ሞክሩት። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ወረቀት አስገቡና አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ለድሮው ይሁን ለአዲሱ እንደሚያደላ ባንድ መስመር ጻፉ። ከአደፍርስ፣ ከወይዘሮ አሰጋሽና ከጺወኔ ብትጀምሩ ይበቃል፤ ሌሎቹ በነሱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ንግግር ሲበዛ በእርሳስ ከዳር የተናጋሪውን የስም መጀመሪያ ፊደል አስቀምጡ። ሁለት ገጽ ያህል እንዲህ ካደረጋችሁ ጆሯችሁ ይለምደዋል፤ ወይዘሮ አሰጋሽ እንደ አደፍርስ አይናገሩም። በአንድ ጊዜ ከ15 ገጽ በላይ አትሂዱ። ከሁሉም የሚሻለው ለክፍል ሥራ ሦስት ተማሪዎች ሆናችሁ ድርሻ ተከፋፍላችሁ አንድን ክርክር ጮክ ብላችሁ ማንበብ ነው፤ በዝምታ ጭጋግ የነበረው ገጽ ባንድ ጊዜ ይጠራል።

ቃላቱ የሸዋ ገጠር ናቸውና መዝገበ ቃላት ያስፈልጋችኋል። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተማሪዎች ከፍተው «ቃሉ የለም» ብለው የሚዘጉት መጽሐፍ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ ‹ገ›ን መጨረሻ አካባቢ ሳይሆን ከ‹በ› ቀጥላችሁ ፈልጓት። ሁለተኛ፣ ቃሉን ከነቅጥያው ሳይሆን በግሡ ሥር ታገኙታላችሁ፤ «መጋረጃ»ን የሚፈልግ ወደ «ጋረደ» ይሂድ።

ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት አደፍርስን የደራሲው አፍ አድርጎ መውሰድ ነው። ደራሲው ለሽማግሌዎቹም በቂ አንደበት ሰጥቷቸዋል፤ ወጣቱ በተናገረ ቁጥር የሚገጥመው መልስ አለ፣ አንዳንዴም መልሱ ይበልጠዋል። መምህራችሁ ያደነቁት ይህን ሚዛን ይመስለናል። «ከሁሉም ቀዳሚ» የሚለው ግን የግላቸው ምርጫ ነው፤ ለፈተና የምትጽፉት ከሆነ ማስረጃውን ከገጹ አውጡ።

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ» ታሪክ ነው ወይስ ልብ ወለድ? አባቴ እያንዳንዱ ቃል የሆነ ነው ይላል፤ አጎቴ ደግሞ የስለላ ፊልም ነው እያለ ያናድደዋል። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ጀርባ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ላይ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። አሥመራ፣ ናቅፋ፣ የዘመቻው አደረጃጀትና የሹማምንቱ መንፈስ ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነቱ በቅርብ ያወቃቸው ናቸው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ከፊያሜታ ጋር ያለው ፍቅርና የስለላው ሴራ ደግሞ የልብ ወለድ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ክፍል አለ፦ በሌላ ስም የተጠሩ፣ አንባቢ ግን «ይህ እገሌ ነው» የሚላቸው ባለሥልጣናት። ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕርዩ አንድን ሰው መምሰሉ ያ ሰው እያንዳንዱን ነገር ብሏል፣ አድርጓል ማለት አይሆንም። አባትዎ መጽሐፉን ለታሪክ ማስረጃ ሊጠቅሱት ከፈለጉ ቦታውንና ዘመቻውን ይጥቀሱ፤ የተናጋሪዎቹን ቃል ግን ለመጽሐፉ ይተዉት።

ለአጎትዎ ደግሞ የምንለው ይህን ነው፦ መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቧል፣ ደራሲው ከሥራው ተባሯል፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ይህ መጽሐፉን በሥነ ጽሑፍ ትልቅ አያደርገውም፤ ነገር ግን በጊዜው የነበሩ ሰዎች እንደ ተራ የስለላ ታሪክ እንዳላነበቡት ያሳያል።

ጥያቄ፦ አንዱ ጽሑፍ «ጦቢያ» በ1908 ታተመ ይላል፣ ሌላው በ1900። የትኛው ነው የተሳሳተው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1908። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ወሩን የማታውቁት ከሆነ ዓመቱን አትቀይሩ፤ እንዳለ ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉት።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ «ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ቀን ጨርሶ አዳም ረታን ማንበብ አልቻለም። እኔ የአዳምን «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» እወዳለሁ። የሱን ንባብ ንባብ አልለውም ብዬ ተጣላን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እዚህ ላይ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ የጣና ገዳማትንና ዓለም አቀፍ ስለላን አንድ ላይ አምጥቶ፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ አስነብቧል። ድክመቱም አለ፤ አጋጣሚ ይበዛዋል፣ ሰዎቹም ሲናገሩ ይመሳሰላሉ። ግን ለፍጥነት የተሠራን መጽሐፍ በዝግታ መለኪያ መመዘን አግባብ አይደለም።

ወንድምዎን ወደ አዳም ለማምጣት ከፈለጉ ትልቁን መጽሐፍ አይስጡት። ከቀደምት አጫጭር ታሪኮቹ፣ ከ«ማህሌት» አንድ መርጠው ይስጡት፤ ባንድ ማታ ያልቃል። የግርጌ ማስታወሻ ባለባቸው ሥራዎቹ ላይ ሲደርስ ማስታወሻዎቹን እንደ ተጨማሪ መረጃ እንዳይዘላቸው ይንገሩት፤ ራሳቸው የታሪኩ ክፍል ናቸው። መጀመሪያ ዋናውን ገጽ እስከ ታች አንብቦ፣ ከዚያ ማስታወሻውን አንብቦ፣ ወደ ምልክቱ ይመለስ። በየምልክቱ እያቋረጠ ከወረደ ክሩ ይጠፋበታል።

ጥያቄ፦ የጸጋዬ ገብረመድህንን «እሳት ወይ አበባ» በመድረክ ሳነብ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጓደኞቼ ግጥሙ ለዐይን እንጂ ለጆሮ አልተጻፈም ይላሉ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ጓደኞችዎ አልቆጠሩትም። ወል ቤት በሚባለው በተለመደው የግጥም ልክ አንድ ስንኝ 6 እና 6፣ በድምሩ 12 ቀለም (በአፍ የሚሰማ ክፍለ ቃል) አለው። የጸጋዬ ቤት የሚባለው ግን 8 እና 8 ነው፤ 16 ቀለም። ከለመዱት አራት ቀለም ይረዝማልና ትንፋሽዎ 12ኛው ላይ አልቆ ይወድቃል። መፍትሔው ከ8ኛው ቀለም በኋላ አጭር ዕረፍት ማድረግ ነው፤ በስንኙ መጨረሻ ላይ ግን ሐሳቡ ካልተዘጋ ድምፅዎን አይጣሉት። ሲቆጥሩ ፊደል አይቁጠሩ። «ልብስ» በጽሑፍ 3 ፊደል ነው፣ በአፍ 1 ቀለም። ፊደል የቆጠረ ሰው ዕረፍቱን ቃል መሐል ላይ ያደርገዋል። ለመድረክ ሲዘጋጁ በእያንዳንዱ ስንኝ መሐል በእርሳስ ቀጥ ያለ ጭረት ያስምሩ፤ ጭረቱ ቃል ከቆረጠ ቆጠራው ተሳስቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የንባብ ቡድናችን 9 ሰው ነው። ውይይቱ ሁልጊዜ «ወደድኩት»፣ «ጠላሁት» ላይ ያልቃል፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ያወራሉ። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቦታ ምልክት አድርጎ ይምጣ፤ መጽሐፉ የያዘበትን አንድ ገጽ፣ የለቀቀበትን አንድ ገጽ። የገጽ ቁጥር በየኅትመቱ ስለሚለያይ ምዕራፉን ጭምር ይጻፍ። ሲጀመር ያልወደዱት ቀድመው ይናገሩ። አድናቂ ከቀደመ፣ በተለይ ታላቅ ሰው ከሆነ፣ ሌላው በይሉኝታ ሐሳቡን ይውጣል። ለሰው 2 ደቂቃ፣ ያለ መልስ፤ 9 ሰው 18 ደቂቃ ነው። ከዚያ ብዙ የተጋጨባትን አንዲት ገጽ መርጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ክርክሩ ከዚያች ገጽ እንዳይወጣ አንድ ሰው ይጠብቅ። ስለ ደራሲው ሕይወት የሚወራው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ከፊት ከገባ መጽሐፉን ያነበበም ያላነበበም እኩል ይናገራል። 500 ገጽ የሚደርስ መጽሐፍ ለሦስት ስብሰባ ይከፈል።

ጥያቄ፦ እኔና ጎረቤቴ የአንድ መጽሐፍ መሐሉ አይያያዝም፣ ይያያዛል እያልን ተከራከርን። በኋላ የኔ ቅጂ ከ48 ወደ 65 እንደሚዘል አየን። ይህ የተለመደ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ። ብዙ መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ 16 ገጽ፣ 16 ገጽ እየሆነ ነው፤ ወረቀቱ ታጥፎ ይሰፋል ወይም ይለጠፋል። አንዱ እጥፍ ሲዘለል ከ49 እስከ 64 ያለው ባንድ ላይ ይጠፋል፤ ሲደገም ደግሞ ከ48 በኋላ 33 ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሲገዙ 16፣ 32፣ 48፣ 64 እያሉ በየመጋጠሚያው ያገላብጡ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶ ኮፒ ከሆነ የሚጎድለው ጥንድ ገጽ ስለሆነ በዚህ አይያዝም፤ ሁሉንም ቁጥር ማየት ይኖርብዎታል። ሻጩ ካልቀየረልዎ ከጎረቤትዎ ቅጂ ላይ 16ቱን ገጽ ያንብቡና ክርክራችሁን ከዚያ ቀጥሉ።