የእትብት ደም ሥራ ለምትመኙ የባህር ዳር ልጆች

ልጆቼ፣ በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል ላቦራቶሪና አዋላጅነት የምትማሩ፣ ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ሌሎች ሴሎችን ስለሚወልደው እናት ሴል፣ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። አብዛኛው ጥያቄያችሁ ስለ ማሽን ነው። ዕድሜዬን በደም ላቦራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ስለ መዝገቡ ባወራችሁ እመርጣለሁ።

እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም፣ ደም የሚያመርቱ ስቴም ሴሎች አሉት። ለንቅለ ተከላ እንደሚሆን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ ነው። በሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ዶክተር ኤልያን ግሉክማንና ባልደረቦቻቸው ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል፣ መቅኒው ደም መሥራት የሚያቅተው የዘር በሽታ ላለበት ልጅ የእህቱን የእትብት ደም ሰጡት። ደሙ እህቱ ስትወለድ አሜሪካ ተቀድቶ፣ በርዶ ተቀምጦ፣ ባህር ተሻግሮ የመጣ ነበር። የልጁ መቅኒ እንደገና ደም መሥራት ጀመረ።

ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደሙ ከእትብቱ ደም ሥር በመርፌ ይቀዳል፤ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ውስጥ ይገባል። ላቦራቶሪ ሲደርስ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊዩጅ) ቀይ ሴሉና ፕላዝማው ይቀነስለታል። ሴሎቹን በረዶ እንዳይጎዳቸው ዲኤምኤስኦ የሚባል ኬሚካል ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ከዚያ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይቀዘቅዛል። ማረፊያው ፈሳሽ ናይትሮጂን ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። የእናትየዋም ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ይመረመራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ያህል ሴል እንዲያገኝ ይፈለጋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 500 ሚሊዮን ይፈልጋል ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደግሞ አንድ ቢሊዮን ተኩል። ለዚህ ነው ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሁለት ሕፃናት ደም አንድ ላይ የሚሰጠው። እንግዲህ አስቡት። ከረጢቱ ላይ 500 ሚሊዮን ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ያለው ግን ግማሹ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ ታማሚውን በከባድ ኬሞ ያዘጋጀዋል፤ የራሱ መቅኒ ይጠፋል። የተሰጠው ሴል ሥር እስኪሰድ በደህናውም ጊዜ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። አልሰደደም እንበል። ያ ሰው የሚመለስበት መቅኒ የለውም። ይህን ያደረገው ከዓመታት በፊት፣ በሌላ አገር፣ ሳይቆጥር የጻፈ አንድ ባለሙያ ነው። ታማሚውን አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ መጣልን ልመዱ። በዓለም ያሉ የእትብት ደም የሚያስቀምጡ የሕዝብ ባንኮች ከሚሰበስቡት ውስጥ ብዙውን አያስቀምጡትም፤ ሴሉ ያንሳል፣ ወይም ሰዓቱ አልፎበታል። እናት በበጎ ፈቃድ የሰጠችውን መጣል ልብ ይነካል፣ አውቃለሁ። ማስቀመጡ ግን ይብሳል።

ለአዋላጆቹ ለብቻ የምላችሁ አለኝ። ከረጢቱ እንዲሞላ ብላችሁ እትብቱን አትቸኩሉበት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እንዳይታሰር ይመክራል፤ ያ ደም የሕፃኑ የወራት ብረት ነው። ከዘጌ በጀልባ መጥታ የምትወልድ እናት ልጅ ይህን ብረት ከማንም በላይ ይፈልገዋል። የተረፈው ለባንክ ይሁን። ፈቃዱንም በእርግዝና ክትትል ጊዜ ጠይቁ እንጂ ምጥ የያዛትን ሴት «ፈርሚ» አትበሏት። እንግዴ ልጁን ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ቤተሰብ አለ፤ የሚቀዳው ደሙ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው።

«የእትብቱን ደም እናስቀምጥልሽ፣ ገንዘብ ክፈዪ፣ ለልጅሽ መድን ነው» የሚሉ ነጋዴዎችም አሉ። በዘር የመጣ በሽታ ያለበት ልጅ በሽታው በገዛ እትብት ደሙም ውስጥ አለ፤ ራሱን ሊያድንበት አይችልም። የታመመ ወንድም ወይም እህት ያለበት ቤት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ማስቀመጥ ትርጉም አለው።

እዚህ የእትብት ደም ባንክ እስኪኖር ምን እንሥራ ትሉኛላችሁ። ናይትሮጂኑን አሁኑኑ ልታዩት ትችላላችሁ። ከብት የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡት በዚሁ ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። መብራት ቢጠፋ ታንኩ አይሞቅም፤ ናይትሮጂኑ ተንኖ ሲያልቅ ነው ጉዱ። ስለዚህ ደረጃው በየጊዜው ይለካል፣ ይሞላል። ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚተነው ናይትሮጂን አየሩን ያባርራል፤ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ብቻችሁን አትግቡ፣ አየር የሚገባበት ክፍል ይሁን።

ደም ባንክ ተረኛ ስትሆኑ ደግሞ የፍሪጁን ሙቀት በዓይናችሁ አይታችሁ በሰዓቱ ጻፉ። ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ካልሆነ፣ ያልሆነውን ጻፉና ለኃላፊው ደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ።