የመጀመሪያ ደመወዝዎ በማን ሒሳብ ይግባ?

ውድ ጠያቂ፣

በኤፍ-1 ቪዛ በሚማሩበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥረው ሥራ እንደ ጀመሩ፣ የደመወዝ ክፍሉም የ“ዳይሬክት ዲፖዚት” (ደመወዝ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብ የሚገባበት) ቅጽ እንዲሞሉ እንደ ጠየቀዎት ጽፈውልኛል። የራስዎን የባንክ ሒሳብ ገና ስላልከፈቱ፣ ለጊዜው ደመወዝዎ በአጎትዎ ልጅ ሒሳብ ቢገባ ችግር ይኖረው እንደሆነ፣ የሒሳብ ቁጥር ለአሠሪ መስጠትም ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል።

በዘመድዎ ሒሳብ እንዳያስገቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ይህን የምለው የአጎትዎን ልጅ ተጠራጥሬ አይደለም። በስማቸው በተከፈተ ሒሳብ የገባ ገንዘብ በባንኩ ዘንድ የእርሳቸው ገንዘብ ነው፤ ሒሳቡ በዕዳ ምክንያት ቢታገድ ወይም ቀድሞ ከዜሮ በታች ወርዶ ቢገኝ፣ እርስዎ የደከሙበት ደመወዝ የሌላ ሰው ዕዳ መክፈያ ሊሆን ይችላል፤ ለባንኩ አቤት የሚሉበት መብትም አይኖርዎትም። የሒሳቡ ባለቤት ስም ከሠራተኛው ስም ጋር ካልገጠመ ቅጹን የማይቀበሉ የደመወዝ ክፍሎችም አሉ።

ሒሳብ ለመክፈት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ (የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኛ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) እስኪደርስ መጠበቅ ላያስፈልግዎት ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ ባንኮች የውጭ አገር ዜጋን በፓስፖርት ቁጥር እንዲመዘግቡ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ፓስፖርትዎን፣ አይ-20ዎን (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሰጠዎትን ሰነድ) እና የመኖሪያ አድራሻዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ባንክ በራሱ አሠራር ምክንያት ካልተቀበለዎት ሌላውን ይጠይቁ። አሠሪዎ በአንድ በተወሰነ ባንክ ካልከፈቱ ብሎ ሊያስገድድዎ አይችልም።

ቅጹ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ባንኩን የሚለየውን ባለ 9 አኃዝ ራውቲንግ ቁጥር፣ የእርስዎን የሒሳብ ቁጥር፣ እንዲሁም ሒሳቡ ተንቀሳቃሽ ወይም የቁጠባ መሆኑን። ብዙ አዲስ ተቀጣሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባንክ ካርዱ ላይ የታተመው ረጅም ቁጥር የሒሳብ ቁጥር አይደለም፤ አንዳንድ ባንኮችም ለሐዋላ የሚጠቀሙበት ራውቲንግ ቁጥር ለደመወዝ ከሚጠቀሙበት የተለየ ነው። ስለዚህ ከባንኩ “ለዳይሬክት ዲፖዚት” ብለው ቁጥሮቹን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ከሞሉ በኋላም አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የተሳሳተው ቁጥር የማንም ካልሆነ ገንዘቡ ለአሠሪው ይመለሳል፣ እርስዎም ቀናት ይጠብቃሉ፤ የሌላ ሰው ሒሳብ ሆኖ ከተገኘ ግን ስሙ ባይገጥምም እዚያው ሊገባ ስለሚችል ማስመለሱ ብዙ ያደክማል።

ስለ ሥጋትዎ፣ የሒሳብ ቁጥር ሰው በሚጽፈው ቼክ ሁሉ ላይ የሚታተም ነው፤ ለአሠሪዎ በትክክለኛው መንገድ መስጠቱ ሊያስጨንቅዎ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ የይለፍ ቃልዎ ነው። ኤፍ.ቢ.አይ. በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስጠነቀቀው፣ አጭበርባሪዎች የአሠሪ መሥሪያ ቤት መስለው ኢሜይል በመላክ የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ይወስዳሉ፣ ከዚያም የደመወዙን መድረሻ ወደ ራሳቸው ሒሳብ ይቀይራሉ፤ በተለይ ከተጠቁት መካከል የትምህርት ተቋማት ይገኙበታል። በኢሜይል የመጣን ማስፈንጠሪያ ተጭነው የባንክ መረጃዎን በፍጹም አይሙሉ፤ የዩኒቨርሲቲውን የሠራተኞች ድረ ገጽ ራስዎ ከፍተው ይግቡ፣ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድ እንዲጠይቅም ያድርጉ። ሳይጠይቁ “የባንክ መረጃዎ ተቀይሯል” የሚል መልእክት ከደረሰዎ በዚያው ቀን ለደመወዝ ክፍሉ ይደውሉ።

አንዳንድ የደመወዝ ክፍሎች ቁጥሩን ለመፈተን አስቀድመው የዜሮ ዶላር ሙከራ ስለሚልኩ፣ ሙከራው እስኪያልቅ የመጀመሪያ ክፍያዎ በወረቀት ቼክ ሊመጣ ይችላል። ቅጹን በሚያስገቡበት ዕለት ቼኩ በፖስታ እንደሚላክ ወይም ከቢሮ እንደሚወሰድ ይጠይቁ፤ በፖስታ ከሆነ የተመዘገበው አድራሻዎ አሁን የሚኖሩበት መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።