«የእናትህ ልጅ እያለ ባዳ ታቅፈሃል» አሉኝ

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር እኩል ገንዘብ አውጥተን የእህል መጋዘን ከፍተናል። ደብረ ማርቆስ ስንማር ደባሌ ነበር። አባቴ ሞቶ ስንቅ ሲቋረጥብኝ፣ እናቱ የምትልክለትን በሶና ድርቆሽ እየተካፈልን ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት። አሁን ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፈትቷል። እናቴ «የእናትህ ልጅ እያለ ባዳ ታቅፈሃል። እሱን አስወጣና ወንድምህን አስገባ፤ እምቢ ካልክ የጠባኸው ጡት ይፍረድህ» አለችኝ። ለፋሲካም ሳልሄድ ቀረሁ። ለጓደኛዬ ምንም አልነገርኩትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእናት ጡት ሲጠራበት የማይደነግጥ ጎጃሜ አላውቅም። መደንገጥህ ይገባኛል። ለፋሲካ መቅረትህን ግን አልደግፈውም።

መጀመሪያ መጋዘኑ። ግማሹ የጓደኛህ ነው። ያንተ ያልሆነውን ለወንድምህ ልትሰጥ አትችልም። እዚህ ላይ አታወላውል። ደግሞስ እኛ ዘንድ ዝምድና መቼ በሥጋ ብቻ ሆኖ ያውቃል? የክርስትና አባትም፣ ሚዜም ከባዳ ነው የሚመጡት። እናትህም ይህን አታጣውም።

እንግዲህ ጭንቀቷ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሕመምተኞችን ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል አስተኝቶ ያጠና ሙሬይ ቦወን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለው ውጥረት ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው ይጎትቱበታል ይላል። እስቲ የእናትህን ቤት አስበው። ባሏ የለም። ትልቁ ልጇ ከተማ ገብቷል። ትንሹ ደጅ ተቀምጦ ይውላል። «እኔን ማን ይጦረኛል?» ብላ መጠየቅ ይከብዳታል፤ ጓደኛህን መውቀስ ይቀላታል። አንተም እሷን ከማነጋገር መቅረት ቀለለህ።

ሌላ ነገር። በደብዳቤህ ውስጥ ወንድምህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መጋዘን መግባት መፈለጉን የጠየቀው ሰው አለ? እናትህ በሌለችበት ለብቻው አነጋግረው። የሚፈልገው ንግድ ከሆነ፣ ከራስህ ድርሻ በርበሬ የሚነግድበት መነሻ ልትሰጠው ትችላለህ። ብድር ከሆነ ብድር፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ በለው። ወንድማማች የሚያጣላው ሳይለይ የተሰጠ ብር ነው።

ለጓደኛህ ዛሬውኑ ንገረው። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ወሬ አያድርም፤ ከሰው አፍ ከሰማው የሚያዝነው በእናትህ ሳይሆን በአንተ ነው። ሽርክናችሁ በቃል ብቻ ከሆነም በጽሑፍ አድርጉት። ነገ ሁለታችሁም ሚስት ታገባላችሁ፣ ልጆች ይመጣሉ።

እናትህ ጋ ለመሄድ ዓውደ ዓመት አትጠብቅ። ሽማግሌም አትላክ፤ ነገሩ ይከርራል። ብቻህን ሂድ። ቡናው እስኪፈላ ተጫወት፤ ከዚያ «እማዬ፣ አንቺን የምጦረው እኔ ነኝ» በላትና በየወሩ የምትሰጣትን ቁርጡን ንገራት። አቅምህ የማይችለውን እንዳትናገር፤ ሁለት ወር ሰጥተህ ብታቋርጥ ከቀድሞው ይብሳል። የጓደኛህን ስም ካነሳች በዚያ ቀን አትከራከራት። ሌላ ጊዜ እሱን ራሱን ይዘኸው ሂድ።