ከጅቡቲ ባሕር እስከ ቱሉ ዲምቱ ሮቶ፦ የውሃ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ውሃ ናቸው። አልፈርድም። እኔም በአዲስ አበባ ጫፍ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ ነኝ፤ የውሃ ፈረቃችን ማክሰኞ ሌሊት ስለሆነ ረቡዕ ጠዋት ሥራ የምገባው ዐይኔ ቀልቶ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስድቡን ቀንሼ አቅርቤያለሁ።

«ወንድሜ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። እዚያ የባሕር ውሃ ጨው አውጥተው እንደሚጠጡ ነገረኝ። ባሕር እንደሆነ አያልቅ፤ እኛስ ማሽኑን ገዝተን ለምን አንገላገልም?» — ከኮዬ ፈጬ

ወንድምዎ እውነቱን ነው የነገረዎት። ዶራሌ በተባለው ስፍራ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀ ጣቢያ አለ፤ አቅሙ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው። ነገር ግን ጅቡቲ ከዚያ ቀደም ብላ ውሃ የጠየቀችው እኛን ነበር። በሶማሌ ክልል ሃደጋላ በሚባል አካባቢ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ይሄድላታል፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቅ የተነገረለት አቅም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነበር። ባሕር ደጃፏ ላይ ተኝቶላት ከጎረቤት ጉድጓድ ለምን ቀዳች ቢሉ፣ የመልሱ አንድ ክፍል ያለው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ ነው።

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል፤ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ስድስት ያህል። ጨዉን የሚያስቀረው ውሃን እያሳለፈ ጨውን የሚከለክል እጅግ ስስ ማጣሪያ ነው። ውሃው ግን በፈቃዱ አያልፍም፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ሃያ አምስት እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይገፋል። ለዚህም ዘመናዊ የሚባሉት ጣቢያዎች ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃሉ። ለባሕር ዳር ከተማ ይህ ውድ ቢሆንም የሚሞከር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ያንን ቶን ይህን ሁሉ ዳገት ለማውጣት፣ ፓምፑ ራሱ የሚያባክነው ሲታከልበት፣ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ጨዉን ከማውጣት ይልቅ ዳገቱን መውጣት እጥፍ ኃይል ይበላል ማለት ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋውን ቧንቧ ደግሞ ገና አልቆጠርኩትም።

ባሕር ያላቸውም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን በረጅም ድርቅ ተደናግጣ ትልቅ ጣቢያ አዘዘች። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ ግድቦቹ በዝናብ ተሞልተው ጠበቁት። እስከ 2017 ድረስ በትእዛዝ ለከተማዋ የላከው ውሃ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን በየዓመቱ ዕዳውን ይከፍል ነበር። የአዲስ አበባዎቹ ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ከነጉድለታቸው ደጋ ላይ ያሉ ግድቦች ናቸው፤ ጨው የለባቸው፣ 2,300 ሜትር ሽቅብ የሚገፋቸው አያስፈልጋቸው። እኔን የሚያናድደኝ የባሕር እጦት አይደለም፤ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት፣ ወጪ ወጥቶበት ከግድቡ የተለቀቀው ውሃ መንገድ ላይ አስፋልት ሰንጥቆ ሲፈስ ሳምንት መክረሙ ነው።

«ከባሕር ውሃ የወጣው ጨው ለገበያ ይቀርባል?» — የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሰንዳፋ

ብዙውን ጊዜ አይቀርብም። ከገባው የባሕር ውሃ ከግማሽ የሚበልጠው ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይለቀቃል፤ እንደ ነገሩ ከተለቀቀ ወለሉ ላይ ተኝቶ እዚያ ያለውን ሕይወት ይጎዳል። ለወጥ የምንጨምረውን ጨው በአፋር እነ አፍዴራ ከሐይቅ ውሃ በፀሐይ ያወጡታል፤ ፀሐይ ደግሞ ቆጣሪ የላትም።

«ምድር ቤት ያለው ጎረቤቴ ከመስመሩ ላይ በቀጥታ ፓምፕ ገጥሞ ይስባል። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠብታ አይደርሰንም። ስናገረው ‹በገንዘቤ የገዛሁት ነው› ይላል። ምን ላድርግ?» — ከቱሉ ዲምቱ

ፓምፑን በገንዘቡ ገዝቶት ይሆናል፤ የሚስበው ግን የእርስዎንም ድርሻ ነው። ይህን ብለውት አልሰማ ካለ በራሱ ጤና ይምጡበት። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ቧንቧው የሳምንቱን ብዙ ቀን ባዶ ነው። ባዶ ወይም ግፊቱ የደከመ ቧንቧ በፓምፕ ሲሳብ፣ ከመሬት በታች ያለው ስንጥቅና የላላ መጋጠሚያ ሁሉ አፍ ይሆንና ዙሪያውን ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። ዙሪያውን ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ቦዩ ሲቆፈር ማየት ይበቃል፤ በብዙ ሰፈር የውሃውና የፍሳሹ መስመር ጎን ለጎን ነው የተቀበሩት። ጎረቤትዎ ፓምፑን እንዳበራ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ በነጭ ባልዲ ቀድቶ ይየው። በዚያ ውሃ ነው ለልጆቹ ሻይ የሚያፈላው።

በእኛ ሕንፃ መፍትሔ የተገኘው ከስድስት ወር ጭቅጭቅ በኋላ ነው። ስብሰባው ደረጃ ላይ፣ በሻማ ነበር፤ መብራትም ጠፍቶ ነበርና። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ባዶ ጄሪካናቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው «ይህንን የሞላልኝ ሊቀ መንበር ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ቤት ፓምፕ መግዛቱ ቀረ። ገንዘብ አዋጥተን ከሕንፃው ሥር 10,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ አስቀመጥን፤ ውሃው በራሱ ግፊት ይገባበታል፣ አንድ የጋራ ፓምፕ ከማጠራቀሚያው ወደ ጣሪያው ያወጣል። ፓምፑ የሚስበው ከጋን እንጂ ከመንገዱ መስመር ስላልሆነ ማንንም አይጎዳም። ዛሬ የምንጣላው ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ነው፤ ይህኛው ጠብ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ውሃውም ለምን አብሮ እንደሚጠፋ ለጠየቁኝም ይህን ልበል። የለገዳዲ ውሃ ከከተማዋ ከፍ ብሎ ስለሚነሣ በአብዛኛው ቁልቁል ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ግን ከብዙው ከተማ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ውሃቸው ያለ ፓምፕ ከጉድጓድ አይወጣም፣ ሽቅብም አይጓዝም። ቱሉ ዲምቱ ሆነው የጉድጓዶቹ ጎረቤት መሆንዎ አይጠቅምም፤ ውሃው አስቀድሞ ወደ ማጠራቀሚያ ወጥቶ ነው ዞሮ ወደ እርስዎ የሚመለሰው።

«ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧው ያፏጫል፣ ቆጣሪውም ይሽከረከራል። አየር እየከፈልን ነው?» — ከየካ አባዶ

በከፊል አዎ። ባዶ መስመር ሲሞላ ውስጡ የነበረው አየር እየተገፋ ይወጣል፤ ቆጣሪው ደግሞ የገፋውን ሁሉ ይቆጥራል። ውሃ ሲሄድ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ይዝጉት፤ ከተመለሰም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ሒሳቡ አሁንም ከበዛብዎ ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቁጥሩን ይጻፉና ጠዋት ይዩት። ከተለወጠ ሌባው ቤትዎ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሆኖ ይገኛል።

«ከወንጂ ወደ ዱከም ተዛውረናል። የትልቁ ልጄ ጥርስ በልጅነቱ ቡናማ ሆኗል። ለትንሿ የግቢያችንን ጉድጓድ ውሃ አፍልቼ ብሰጣት ይበቃል?» — እናት

እህቴ፣ ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይይዘዋል። ክሎሪንም አያወጣውም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ስለሚያሟሟ የወንጂ ችግር የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርስ የሚበላሸው ገና ከድድ ሥር ሲሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ገደማ ስለሆነ ለትንሿ ጊዜ አለዎት። ቤተ ሙከራ ወስደው ፍሎራይዱን በስሙ ጠርተው ያስለኩ፤ «ውሃው ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ብቻ አይቀበሉ። ከወሰኑ በላይ ሆኖ ከተገኘ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ብቻ ከሌላ ምንጭ ያምጡ። የባሕር ውሃ የሚያጣራው ዓይነት ማጣሪያ በትንሹ ለቤት ተሠርቶ ይሸጣል፤ ፍሎራይድንም ይይዛል፣ ግን የሚያፈሰው ውሃ ብዙ ነው።

«ሮቶ በየስንት ጊዜው ይታጠባል?» — ከጀሞ

ቢያንስ በየስድስት ወሩ። እኔ ሁለት ዓመት አሳልፌ ስከፍተው ሥሩ ላይ አራት ጣት የሚሆን ቀይ ደለል፣ አንድ የርግብ ክንፍና የጠፋብኝን መፍቻ አገኘሁ። ክዳኑን ሳልገጥመው የወረድኩት ራሴ ነኝ። ደለሉን ጠርገው ካወጡ በኋላ ሮቶውን ሞልተው ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና (5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽታ ያልተጨመረበት) ጨምረው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ከዚያ ያንን ውሃ ሳይጠጡ ያፍስሱት። ለሚጠጣ ጥርት ያለ ውሃ ግን ለ20 ሊትር ጄሪካን ከዚሁ በረኪና 40 ጠብታ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይጠቀሙ።

«ኬፕ ታውን ደርሶባት የነበረውን የውሃ ጭንቅ ሰማሁ። ለሰው በቀን ስንት ነበር የደረሰው?» — ከቦሌ አራብሳ

እ.ኤ.አ. በ2018 ወሰኑ 50 ሊትር፣ ሁለት ጄሪካን ተኩል ነበር። ቧንቧ ተዘግቶ ሰው ለሰልፍ ቢወጣ ደግሞ 25 ሊትር ሊታደል ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ቆጥቦ፣ ዝናብም መጥቶ ቀረ። እርስዎ በደብዳቤዎ ለአምስት ሰው በቀን አራት ጄሪካን እንደምትጠቀሙ ጽፈውልኛል። አካፍለው ይዩት።

«የዝናብ ውሃ ለመያዝ ሮቶ ልግዛ ስል ባለቤቴ ሳቀብኝ። ያዋጣል?» — ከለገጣፎ

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የሐምሌ ዝናባችን ከ200 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ በዚያ ወር 8,000 ሊትር፣ ማለትም 400 ጄሪካን ይሰጥዎታል። ጋሪ ለሚያመጣልዎት አንድ ጄሪካን የሚከፍሉትን በ400 አባዝተው ለባለቤትዎ ያሳዩት። ውሃው ለልብስ በጣም ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ሳሙና ይቆጥባል። ለመጠጥ ከሆነ ያፍሉት። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ ወደ ጎመኑ መደብ ይልቀቋቸው።